የጓሮ ወፎችና ወንድም ጋሼ

ጥቅምት 24

ለማከብርሽና ለምወድሽ አክስቴ፣

ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝሽ። ብርዱ አይበርታብሽ፤ ጉልበትሽ አይዛል፤ ዓይንሽም እንደ ድሮው ያለ መነጽር መርፌ የሚያጎርስ ይሁንልሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከእንግዲህ በወረቀት ልጠይቅሽ ወስኛለሁ። ባለፈው ስንደዋወል «አባባ ተሽሎታል» ስልሽ «ምን ተሸለመ?» ብለሽ፣ እኔም ደጋግሜ ስጮህ ጎረቤት ጠብ የተነሣ መስሎት ብቅ ብሎ ነበር። የስፌት መኪናው ጩኸት ጆሮሽን በላው እንጂ ልብሽ እንደሚሰማኝ አውቃለሁ።

አባባ ከአምናው ሕመም በኋላ ቀኝ እግሩ አሁንም ይጎተታል፤ ቀኝ እጁ ግን ኩባያ መያዝ ጀምሯል። የሚያስቸግረው ከበራችን እስከ መንገዱ ያለው ደረጃ ነው። በጉብዝናው ዘመን ራሱ የገነባው ደረጃ ነው፤ አሁን አናቱ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጥና ቁልቁል ያየዋል። እኔ ቀኑን ሙሉ ፋርማሲው ውስጥ ነኝ። አብራው የምትውለው ሴትዮ ደግሞ ባሏ ዘንድ ልትሄድ ነው።

አሁን ጡረታ ወጥተሻል። በጓሮ በኩል ያለውን ክፍል ቀለም አስቀብቼዋለሁ፤ መስኮቱም ተጠግኗል። ናፍቀሽናል። ጠቅልለሽ ወደ አገርሽ ግቢና አብረን እንኑር። አባባም ዘወትር ስምሽን ያነሣል። መቼ እንደምትመጪ ብቻ ጻፊልኝ። ደግሞ ባለ አራት እግር ምርኩዝ እዚያ ካለ ብትልኪለት ደስ ይለዋል።

አክባሪሽ የወንድምሽ ልጅ


ኅዳር 15

ለሚጡዬ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ የሚውለውን እግርሽን ፈጣሪ ያጽናልሽ። ወንድም ጋሼንም ግንባሩን ሳሚልኝ።

ምርኩዙን ልኬያለሁ። ቁመቱ የሚስተካከል ስለሆነ ከሱ ቁመት ጋር አለካክተሽ አጥብቂው። የእግሮቹ ጎማ ሲያልቅ ሌላ እልካለሁ።

ስለ መምጣቱ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ክፍሉን ማስቀባትሽ ልቤን ነክቶታል። ነገር ግን እስከ ጥር ድረስ ከዚህ መነቃነቅ አልችልም፤ ቃል ገብቻለሁ። ምክንያቱን ስነግርሽ እንዳትስቂብኝ።

እኛ ሰፈር በብርዱ ወራት የጓሮ ወፍ ይቆጠራል። የምታስተባብረን የቤተ መጻሕፍቷ ሴት ናት። ብርዱ በሚጠናበት ሰሞን አንድ ቅዳሜና እሑድ ይመረጥና፣ በጎ ፈቃደኞቹ በየቤታችን መስኮት አጠገብ ለአንድ ሰዓት ቁጭ እንላለን። ጓሯችን ውስጥ ያረፈውን እንጽፋለን። በበረራ የሚያልፈው አይቆጠርም። አንዷ ድንቢጥ ሄዳ ስትመለስ ሁለት እንዳትሆን፣ በአንድ ጊዜ አብረው ያየሻቸው ብቻ ናቸው የሚጻፉት። ወረቀቶቹ ተሰብስበው ወደ ሊቃውንቱ ይላካሉ፤ እነሱ ከዓመት ዓመት እያመዛዘኑ የትኛው ወፍ እንደበዛ፣ የትኛው እንደመነመነ ያያሉ።

እኔን ያስገቡኝ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ መንደሩ ሁሉ «ሾፌሩ» ስለሚላቸው እኔም በዚሁ ይዤዋለሁ። አምና ሥራ ያቆምኩ ሰሞን አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ ዓይኔ ለክር የሠለጠነ ስለሆነ ለወፍም እንደሚሆን ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው። ላባው ላይ ያለችውን ቀጭን ነጭ መስመር ከእኔ ቀድሞ የሚያይ የለም። ድምፁን ግን አልሰማም። እንጨት የምትቆረቁር ወፍ ከዛፉ ጀርባ ሰማሁ ብለው ሲነግሩኝ አምኜ ጻፍኩ፤ የቤተ መጻሕፍቷ ሴት ግን «የሰማው ሰው ነው የሚጽፈው» ብላ ሰረዘችብኝ። ሾፌሩ እኔን ወክለው ሲከራከሩ ዋሉ።

እስኪ ቆጠራው ይለፍና እንነጋገራለን።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 9

ለውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? በረዶው መንገድሽን አያሰናክል፤ ቤትሽ ይሙቅ።

ምርኩዙ ደርሷል። አባባ ገና እንደያዘው ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ዞረበትና፣ መሐንዲስ እንደላከው ሰው አገላብጦ ብየዳውን መረመረ። «ደህና ሠርተውታል» አለ። ደረጃውን ግን በእሱም አልደፈረውም።

ስለ ወፎቹ የጻፍሽውን ለፋርማሲው ልጆች ነግሬያቸው፣ አንዷ ደሞዙ ስንት ነው አለችኝ። በነጻ ነው ስላት ለደንበኛ ብር መመለስ ረሳች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የሚያስደስትሽ ከሆነ ደስ ይለኛል።

ሆኖም አክስቴ፣ ቁርጡን ቀን ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር። ጥር ካለፈ የካቲት ነው። በየካቲት መጨረሻ እዚህ መሆን ትችያለሽ? ከዚያ ባያልፍ እመርጣለሁ። ሴትዮዋ ሄዳለች፤ አሁን ምሳውን ለማብላት በእረፍት ሰዓቴ እየሮጥኩ እመለሳለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ላስጨንቅሽ አይደለም። አባባ ብቻውን ሲውል ስለሚከፋው ነው። አንቺን ቢያገኝ ግማሽ ሕመሙ ይለቀዋል።

መልስሽን ቶሎ ላኪልኝ።

የወንድምሽ ልጅ


የካቲት 6

ሚጡዬ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለወንድም ጋሼ። የዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም። እዚህ አንድ ነገር ደርሶ ነበር፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የቆጠራው ቅዳሜ ሲነጋ በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሶ ነበር። ቁርሴን በልቼ፣ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ድንቢጦች፣ ሁለት ርግቦች፣ አንዲት ደረቷ የቀላ ትንሽ ወፍ መጡ። በእኔና በሾፌሩ ጓሮ መካከል ያለው አጥር አጭር ስለሆነ የሱም ግቢ ይታየኛል። አልቆጥረውም እንጂ አየዋለሁ።

ድንገት ወፎቹ ባንዴ ብን ብለው ተነሡ። ድመት መስሎኝ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። ሾፌሩ ግቢው ውስጥ በረዶው ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፤ የወፍ እህል የያዘው ጣሳ አጠገቡ ተደፍቷል። አፉ ይንቀሳቀሳል። ለካ ሲጠራኝ ነበር የቆየው፤ እኔ ምን ሰምቼ።

በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። እግሩ ባልሆነ በኩል ዞሯል። ካፖርቴን አልብሼው ስልኩን ያዝኩና ወደ አምቡላንስ ደወልኩ። የሚሉኝን መስማት ስለማልችል አድራሻውን ብቻ ደጋግሜ ስናገር ቆየሁ፤ ያንሡት አያንሡት አላወቅኩም። «ሰው ወድቋል፣ ሰው ወድቋል» ስል ሾፌሩ እዚያው ተኝቶ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ሰምተውሻል፣ በቃሽ ማለቱ ነው። መጡ።

የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ነበር፤ በዚያው ዕለት ተሠራለት። በማግስቱ ልጠይቀው ስሄድ መጀመሪያ ያነሣው ወፎቹን ነው። «ቆጠራው ዛሬ ያበቃል፤ ግቢዬ ባዶ ነው ብለው እንዳይጽፉብኝ» አለኝ። ስለዚህ ቁልፉ ድሮም እኔ ዘንድ ስላለ ገባሁና ከሱ ወጥ ቤት መስኮት ሰዓቱን ሞላሁት። በደንቡ መሠረት ማን እንደቆጠረ አስረድቼ ጻፍኩ። የተደፋውን እህል ሊለቅሙ ወፎች ከየሰፈሩ መጥተው ስለነበር የሱ ወረቀት ከሁሉም በለጠ። የቤተ መጻሕፍቷ ሴት ስትሰማ ሳቀችና፣ ቀጥላ ለሚመጣው ዓመት ማንም ሰው በራሱ ፈቃድ እንዳይወድቅ አሳሰበች። የመንገዳችን ድንቢጥ ግን በድምሩ ከአምናው አንሷል። ምክንያቱን ገና አላወቁትም።

አሁን ቤቱ ገብቷል። ጠዋትና ማታ እያየሁት ነው። መራመድ ገና ስለሚለማመድ ሰው ይፈልጋል። ስለ መምጣቱ ትንሽ ታገሺኝ።

አክስትሽ


የካቲት 20

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጎረቤትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። በኅዳር ደብዳቤዎ ላይ «ናቸው»፣ «ነገሩኝ» ይባሉ የነበሩት ሰው በየካቲት «አለኝ» ሆነዋል። የቤታቸው ቁልፍ ደግሞ ከመውደቃቸው በፊት እርስዎ ዘንድ ነበር። መልሱን አልጠይቅም፤ ማንበብ እችላለሁ።

እኔም የደበቅኩትን ልንገርዎት። ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ከተማ የሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ኃላፊ እንድሆን ተመርጫለሁ። የነገሩኝ በመስከረም ነው። እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልተገኘሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ክፍሉን ያስቀባሁት ለዚህ ነው። ናፍቀሽናል ማለቴ ውሸት አልነበረም፤ ግን ስለናፈቁኝ ብቻ አልጠራሁዎትም። ደክሞኛል። አባባን ብቻውን ትቼ መሄድ አልችልም፤ እሱ ደግሞ በእጁ የሠራውን ቤት ለቆ እንደማይወጣ እርስዎም ያውቃሉ።

ለባዳ ጠዋትና ማታ የሚያስታምም ሰው ለወንድሙ ጊዜ አላገኘም። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ሌላ የምጨምረው የለኝም። ምንም ነገር አይላኩ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 6

ሚጡ፣

በ«እርስዎ» የተጻፈው ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ካንቺ አፍ ወጥቶልኝ የማያውቅ ቃል ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሌላ ሰው ፖስታ የከፈትኩ መስሎኝ ነበር። ከሁለተኛው መስመር በኋላ ግን አንቺ እንደሆንሽ አወቅኩ። ስትቆጪ እንደ አባትሽ ዓረፍተ ነገርሽ ያጥራል።

ሾፌሩን በተመለከተ የጠረጠርሽው ልክ ነው። በዚህ አገር ቋንቋ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ቃል ነው ያላቸው፤ አንቱታውን የጨመርኩትም ያወለቅኩትም እኔ ነኝ። መቼ እንዳወለቅኩት ራሴም አላስተዋልኩም፤ አንቺ ነሽ ያሳየሽኝ።

ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን የሠራሁት የሆስፒታል ጋውንና የሠራተኛ ልብስ በሚታጠብበት ድርጅት ነው፤ የማላውቀው ሰው የቀደደውን ስሰፋ ኖርኩ። ጡረታ ስወጣ መጀመሪያ ያስፈራኝ ቤቱ ነው። ጆሮ ደካማ ለሆነ ሰው ጸጥታ አዲስ አይደለም ትዪ ይሆናል፤ ይህ ግን ሌላ ነበር። ሾፌሩ የኮቱን ቁልፍ እንድተክልለት መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቁልፍ ተነቅሎ መጣ። ሦስተኛው ላይ ክሩን አየሁት፤ በመቀስ የተቆረጠ ነው። እንዳላየ ሆኜ ሰፋሁለት። ሲያናግረኝ ወደ ፊቴ ዞሮ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ሰው ሁሉ ሲጮህብኝ እሱ አይጮህብኝም። ከመውደቁ በፊት አብረን እንድንኖር ጠይቆኝ ነበር፤ ከወደቀ በኋላ እሺ አልኩት። ወደፊት አስታማሚ መሆኔ እንደማይቀር አውቃለሁ። ማንን እንደማስታምም ግን እኔ መርጫለሁ።

ስለዚህ ጠቅልዬ አልመጣም። «ቆጠራው ይለፍ» እያልኩ ያንገላታሁሽ ይህን ለመናገር አፍሬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ትስቂብኛለሽ፣ ወንድም ጋሼም ይቀየመኛል ብዬ። አንቺም «ናፍቆት» ከምትዪኝ «ደክሞኛል» ብለሽ በጥቅምት ብትጽፊልኝ ኖሮ፣ የወፍ ወሬ ሳላበዛ የምችለውንና የማልችለውን እነግርሽ ነበር።

የምችለው ይህ ነው። የሾፌሩ እግር ሲጸና መጥቼ ሦስት ወር እቀመጣለሁ፤ አንቺ እስከዚያው ሥራሽን ያዢ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ግን አልደርስልሽም። ይህ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ወንድም ጋሼ አባት ሆኖ ያሳደገኝ ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ቀሎኝ አይደለም።

አክስትሽ


ግንቦት 3

አክስቴ፣

እንደምን አለሽ? ሾፌሩስ እግሩ እንዴት ሆነለት? ሁለት ወር ዝም ማለቴን ይቅር በይኝ፤ ብዙ ነገር ስለሆነ በተራው ልጻፍልሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ተናድጄ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬው ወደ ፋርማሲው ተመለስኩ። ማታ ስገባ አባባ መነጽሩን አድርጎ እያነበበው አገኘሁት። እስከዚያን ቀን ከደብዳቤዎችሽ የማነብለት ሰላምታውን ብቻ ነበር። ሌሎቹንም እንዳመጣለት አዘዘኝ። አንድ በአንድ አነበባቸው። አንቺ የጠቀስሻቸውን የእኔን ነገሮች እያነሣ ምን ብዬ እንደጻፍኩ አወጣጣኝ። ከዚያ መነጽሩን አጠፈ።

«ከእናንተ ውስጥ እኔ የት መኖር እንደምፈልግ የጠየቀኝ አለ?» አለኝ።

ደብዳቤዎቹን ሰብስቤ ወደ ፖስታቸው መመለስ ጀመርኩ።

«እሷ ያለችበትን እንዳትለቅ፣ አንቺ ሥራው እንዳያመልጥሽ ትጻጻፋላችሁ። ጥሩ ነው። እኔ ግን ቁም ሣጥን አይደለሁም።»

«ይህን ቤት ለቀህ አትሄድም ብዬ ነው» አልኩት። «በእጅህ የሠራኸው ነዋ።»

«ስንት ቤት በእጄ ሠርቻለሁ» አለ። «ሁሉንም ጨርሼ ነው የወጣሁት።»

ከእናቴ ሞት በኋላ ቤቱ እንደሰፋበት፣ ከታመመ ወዲህ መንገዱን የረገጠው ሐኪም ቤት ሲወሰድ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ደረጃው አናት ላይ ወንበር አውጥቶ ሲቀመጥ የድሮ ሥራውን የሚያደንቅ መስሎኝ ነበር። እሱ ለካ የሚያየው ታች የሚያልፈውን ሰው ነው።

በመጋቢት የመጨረሻው ሳምንት ዕቃችንን ጭነን አዲሱ ሥራዬ ወዳለበት ከተማ አብረን ተነሣን። አባባ ጋቢና ተቀምጦ ከጭነት መኪናው ሹፌር ጋር ሲያወራ ነው የሄደው፤ እኔ ከኋላ በሌላ መኪና ተከተልኩ። ምሳ ላይ ስንቆም ድምፁ ዘግቶ ነበር። ይህን ያህል አውርቶ አያውቅም።

የተከራየነው ቤት ደረጃ የለውም፤ በሩ ሲከፈት መንገድ ነው። ማዶ ሕንፃ እየተሠራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በምርኩዙ እስከ አጥሩ ሄዶ ቆመ። በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳው ወደ ግራ አዘንብሏል ብሎ ግንበኞቹን ተናገራቸው። ለኩት፤ አዘንብሏል። ባለፈው ሰኞ ጉንፋን ይዞት ቤት ሲውል አንዱ ግንበኛ በራችንን አንኳኳና «አባትሽ ነገ ይመጣሉ?» አለኝ። አንዳንድ ቀን ይከፋዋል፤ ገላውን ለመታጠብ እኔን መጠበቁን አይወደውም። ሁሉም ተስተካክሏል ብዬ አልዋሽሽም። እኔም ሥራው ከብዶኛል። ማታ ግን ሁለታችንም የምናወራው አለን።

ስለ ሾፌሩ ምን እንዳለ ትጠይቂኛለሽ። ክሩ በመቀስ የተቆረጠ ነው ያልሽው ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አነበበውና ሳቀ። «ብልጥ ነው» አለ። ከዚያ ፎቶውን ትላክልኝ አለ።

«እርስዎ» ስላልኩሽ አፍራለሁ። «ባዳ» ስላልኩት ደግሞ የበለጠ።

ሚጡሽ


ግንቦት 26

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን አለህልኝ? እግርህ ይጽና፣ ጉንፋንህም ይሂድልህ።

ይህን ደብዳቤ በሚጡ በኩል አልልከውም። ፖስታው ላይ የአንተን ስም ጽፌ፣ የአዲሱን ቤትህን ቁጥር አስገብቼ ራሴ ወስጄ ፖስታ ሳጥን እጨምረዋለሁ። ስጽፈው ግራ ገባኝ። በእነዚህ ወራት ስለ እግርህ፣ ስለ ደረጃህ፣ ስለ ምርኩዝህ ብዙ ጽፌያለሁ፤ ሁሉም ስለ አንተ እንጂ ለአንተ አልነበረም። ለሚጡ የነገርካትን ወጥ ቤት ውስጥ እየተንጎራደድኩ ደጋግሜ አነበብኩት። ሾፌሩ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ወንድሜ ተቆጣ አልኩት። «ደስ ብሎሻል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የምትቆጣ ከሆነ ድነሃል።

የሱን ፎቶ ከዚህ ጋር ታገኛለህ። በክራንች ቆሞ ነው፤ ፊቱን ያጨማደደው ፀሐይ ስለመታው ነው እንጂ ቁጡ አይደለም። ሥራው ሠላሳ ዓመት ከተማ ውስጥ አውቶቡስ መንዳት ነበር። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ለእኔ ይመቸኛል። ደስ ካላለህ ንገረኝ። ሐሳቤን አልለውጥም፤ ግን መስማት እፈልጋለሁ።

ሌላው ደግሞ ይህ ነው። ለሚጡ መጥቼ ሦስት ወር እቀመጣለሁ ብያት ነበር። ያን ጊዜም አንተን አልጠየቅኩህም። አሁን ልምጣ? እንድመጣ የምትፈልገውስ ለስንት ጊዜ ነው? ገላህን የሚያጥብህ እንግዳ ወንድ ቢሆን የሚሻልህ ከሆነ እሱን እንቀጥራለን፤ እኔ ዝም ብዬ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ወይም ሰፈሩን እስክትለምደው አትምጪብኝ ካልከኝ እጠብቃለሁ፤ አልቀየምም።

መልሱን ለሚጡ እንዳትነግራት። አንተው ጻፈው። ፊደሉ ቢንጋደድም፣ አንድ መስመር ብቻ ቢሆንም፣ አነበዋለሁ።

እህትህ